የቆሙትና የተኙት ካርዶች

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቤተሰባችን ሊቅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለመደህ? እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ደህና ነን። ፈጣሪ ያለህበትን አገር አየር ያስማማህ፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርህ።

"የአባቴ የአጎት ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ዛሬ ምን አስታወሳት?" ትል ይሆናል። እውነትህን ነው። ሰው ሩቅ ዘመዱን የሚያስታውሰው ሲጨንቀው ነው፤ እኔም ጨንቆኝ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል "የመረጃ ክፍል" ሊባል ነው። አዲሱ ኃላፊ፣ ዕድሜው ከትልቋ ልጄ ብዙም የማይርቅ፣ ሰበሰበንና "የስታቲስቲክስ ኮርስ ወስዶ ያላለፈ ሰው በዚህ ክፍል ቦታ የለውም" አለን። ቦታ የለውም ማለት ለእኔ ቤት የለውም ማለት ነው። የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች የሆስፒታሉ ናቸው። ባለቤቴ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ አሁን የሚነዳው እኔን ነው።

ስለዚህ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ታቅፌ ክፍል እገባለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች "ማዘር" ይሉኛል፤ ወንበር ይለቁልኛል፤ መልስ ግን አይለቁልኝም። የመጀመሪያውን ፈተና ከሃያ አራት አገኘሁ። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ሳንቲም አምስት ጊዜ ተከታትሎ በምስሉ በኩል ቢወድቅ፣ በስድስተኛው በየት በኩል ይወድቃል? "አሁንስ ይበቃዋል፣ በቁጥሩ ይወድቃል" ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ። ሳንቲሙ ይሉኝታ የለውም እንዴ?

አንድ ሌላ ፈተና ከሃያ፣ አንድ ፕሮጀክት ከስልሳ ቀርቶኛል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አባትህ መቼም ለሰው ሁሉ "ዶክተሩ ልጄ" እያለ ነው የሚያወራው፤ የቁጥር ዶክተር ዘመድ እያለኝ በቁጥር ልሙት? እባክህ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኝ። በስልክ እንዳንነጋገር ስልኩ ያለው ኃላፊው ቢሮ ነው። ቶሎ ጻፍልኝ።

እትዬ ነኝ፣ የካርድ ክፍሏ

ኅዳር 12

ለተከበሩ እትዬ፤

እንዴት ሰነበቱ? ለጋሼና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ለመመለስ ይህን ያህል መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ ይበዛል። የምሠራው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሁላችንም ነጭ ለብሰን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስንቆጥርና ስንለይ እንውላለን።

ስለ ሳንቲሙ፦ ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፣ እትዬ። አምስት ጊዜ በምስሉ መውደቁን የምናስታውሰው እኛ ነን። ለእሱ ስድስተኛው እንደ መጀመሪያው ነው፤ ሁልጊዜ ግማሽ በግማሽ። ይሉኝታ የለውም ያሉት ልክ ነው፤ ያንኑ ቢጽፉ ኖሮ መምህሩ ሙሉ ማርክ ሊሰጥዎት ይገባ ነበር።

አይመኑኝ፤ ይሞክሩት። አንድ ሳንቲም መቶ ጊዜ ይወርውሩና ይጻፉ። ብዙ ቦታ ላይ አራትና አምስት ጊዜ ተከታትሎ በአንድ በኩል ሲወድቅ ያዩታል። እኔም እዚህ ወርውሬ አንድ ጊዜ ሰባት ተከታታይ አግኝቻለሁ። ስለ አማካይና ስለ ስርጭት በሌላ ወረቀት ጽፌልዎታለሁ። በጥንቃቄ ነው የጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

ለአባቴ ሰላም ይበሉልኝ። ስለ እኔ ብዙ ባያወራ ደስ ይለኛል።

ታዛዥዎ

ኅዳር 28

ለምወድህ ሊቃችን፤

ዕድሜህ ይርዘም፣ አፍህ ማር ይሁን፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ። ሁለተኛውን ፈተና ከሃያ አሥራ አንድ አገኘሁ! ባለቤቴ ሳንቲሙን እየወረወረ ሲቆጥርልኝ መቶ የተባለውን ሦስት መቶ አድርሶታል፤ "ከመንዳት ይሻላል፣ ትራፊክ የለውም" ይላል።

አሁን አሥራ አምስት ይዣለሁ፤ ከፕሮጀክቱ ሠላሳ አምስት ያስፈልገኛል። ከሥራ ቦታችን ጥያቄ አውጥተን፣ መረጃ ሰብስበን፣ መልስ ማቅረብ አለብን። ኃላፊው ራሱ ጥያቄውን ሰጠኝ፦ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩት ሕመምተኞች ውስጥ ከዓመት በኋላ ግፊታቸው የተስተካከለው ስንቶቹ ናቸው? ካርዱ ብዙ ነው፤ መምህሩ ደግሞ "ናሙና ውሰዱ" ይላል። እንዴት ነው የሚወሰደው? ደስ ያለኝን ላውጣ?

ለኃላፊው "የወንድሜ ልጅ የስታቲስቲክስ ዶክተር ነው፣ ውጭ አገር ሆኖ ያይልኛል" ስለው ፊቱ ፈካ። እስከዚያ ቀን ስሜን እንኳ አያውቀውም ነበር።

እትዬ

ታኅሣሥ 30

ለተከበሩ እትዬ፤

አሁንም ዘገየሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የፖስታውን መዘግየት ማመካኛ ማድረግ እችል ነበር፣ ግን አያምርብኝም።

ደስ ያለዎትን እንዳያወጡ። ሰው ደስ ያለውን ሲያወጣ ሳያውቅ ያዳላል፤ ንጹሑን፣ ጽሑፉ የሚነበበውን፣ ለእጁ የቀረበውን ይመርጣል። እንዲህ ያድርጉ፦ ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር ይስጡ። ያንኑ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ብጣሾቹን ሁሉ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ጨምረው ደህና አድርገው ያማሱ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ሰማንያ ያውጡ። የወጣልዎትን ካርድ ብቻ ያንብቡ፤ ባይወዱትም አይለውጡት።

ይህን ካደረጉ ማንም አይከራከርዎትም።

ታዛዥዎ

ጥር 20

ለቤተሰባችን አክሊል፤

እልል በልልኝ! መደርደሪያዎቹ ላይ አምስት መቶ አርባ የግፊት ካርድ አለ። አምስት መቶ አርባ ብጣሽ ቆረጥኩ፤ ጣቶቼ በመቀስ ቆስለዋል። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አማስናቸው፤ ባለቤቴ ሻሼን ዓይኔ ላይ አስሮ ሰማንያ አወጣሁ። ከሰማንያው ሰባ አንዱ ተስተካክሎላቸዋል። ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ! መምህሩ ከስልሳው ሃምሳ ሁለት ሰጠኝ። ናሙና አወሳሰዴን ለክፍሉ ሁሉ እንደ ምሳሌ አነበበው፤ "ማዘር አሳፈረችን" አሉ ልጆቹ። አልፌያለሁ። ቤታችንን አንለቅም።

ኃላፊውማ ወረቀቱን አስተይቦ ቢሮው በር ላይ ለጥፎታል፤ ለበላይ አካልም ልኮታል። ከግርጌው "በውጭ አገር በሚገኙ የስታቲስቲክስ ዶክተር የታየ" ብሎ ስምህን ጽፏል። አባትህ ሁለት ጊዜ መጥቶ አንብቦታል፤ መነጽሩን እየጠረገ ነው ያነበበው።

በዚያው ኃላፊው "ውጤቱ እንዲህ ካማረ ቤት ለቤት መዞር ለምን ያስፈልጋል?" ብሎ ከጥር 18 ጀምሮ ዞሪዋን ነርስ ወደ መርፌ ክፍል አዛውሯታል። እኛ ጫማ ጨራሽ ነው የምንላት፤ መቼም እግሯ ያርፋል።

እትዬህ፣ ያለፈችው!

የካቲት 5

ለተከበሩ እትዬ፤

እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። እኔ ያስተማርኩት ሰው አለፈ ማለት ነው፤ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ የምገልጽበት ቃል የለኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ስሜን ከዚያ ወረቀት ያስነሱልኝ። እባክዎን። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ አይመቸኝም።

ታዛዥዎ

የካቲት 19

ልጄ፤

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በለኝ። ስለ ስምህ የለመንከኝን አይቻለሁ፤ ከስምህ የባሰ መጥቷል።

ትናንት ጫማ ጨራሽ ካርድ ክፍል መጣችና መስኮቱን ተደግፋ፣ "እትዬ፣ የተኙትን ቆጥረሻል?" አለችኝ።

አንተ ይህን አታውቅም፤ ከየት ታውቀዋለህ። እኛ ካርድ ክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያለውን "የቆመ" እንለዋለን። ስድስት ወር ሙሉ ያልመጣ ሰው ካርዱ በሲባጎ ታስሮ ከኋላ ባለችው ዕቃ ቤት ወለል ላይ ይቀመጣል፤ እሱን "የተኛ" እንለዋለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "ካርድ" ስባል የሚታየኝ የቆመው ነው። አንተ "ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር ይስጡ" ስትል ለቆሙት ሰጠሁ። የተኙትን ራሴ አስሬ፣ ራሴ አስተኝቼ፣ ራሴ ረሳኋቸው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ። የቆመው ካርድኮ እየመጣ የሚታከም ሰው ካርድ ነው፤ ያልተሻለው፣ የሰለቸው፣ መምጣት ያቃተው ሁሉ ወለል ላይ ነው ያለው። ጫማ ጨራሽ ስትዞር የኖረችው የእነሱን ቤት ነው።

ገባሁና ቆጠርኳቸው። የተኙት የግፊት ካርዶች ስድስት መቶ ናቸው። ከቆሙት ይበልጣሉ!

ሁሉንም ቀላቅዬ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ብጣሽ ቆርጬ፣ እንደገና ሰማንያ አወጣሁ። የተስተካከለላቸው ሠላሳ ስድስት ብቻ። ሌሎቹ ወይ ግፊታቸው ከፍ እንዳለ ነው የቀሩት፣ ወይ ከዚያ ወዲያ ምንም አልተጻፈላቸውም።

እስካሁን ለባለቤቴም አልነገርኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ፤ ግን ሆዴም አልቻለውም። ከተናገርኩ ማርኬ ይሄዳል፣ ሥራዬ ይሄዳል፣ ቤታችን ይሄዳል። ዝም ካልኩ የእነዚያን ስድስት መቶ ሰዎች በር የሚያንኳኳ የለም።

አንተ ዶክተር ነህ። መምህሩ "ናሙና በዕድል ይለያያል" ብሎናል። እስቲ እይልኝ፤ ሰባ አንድና ሠላሳ ስድስት በዕድል ሊለያዩ አይችሉም? ሳንቲሙ ሰባት ጊዜ በአንድ በኩል ወድቆልህ የለ? በዕድል ነው በለኝ። አንዲት መስመር ጻፍልኝና እተኛለሁ።

እትዬ

መጋቢት 12

ልጄ፤

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም። ኃላፊው ትናንት "ዶክተሩ ሌላ ጥናት ያይልን ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳል ይዞኛል ብዬ ወጣሁ። ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ።

መጋቢት 25

እትዬ፤

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ልጻፈው።

ዶክተር አይደለሁም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፕሮባቢሊቲ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ የትምህርት ድጋፉም ቆመ። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ነጭ እንለብሳለን ያልኩት እውነት ነው። የምንቆጥረው አንሶላ ነው፤ የምንለየው ደም የነካውን ካልነካው ነው። ለአባቴ አንድ ጊዜ "ትምህርቱ ጥሩ ነው" ብዬ ጻፍኩ፤ የቀረውን እሱ ራሱ ገነባው፤ እኔም ዝም ብዬ ገባሁበት።

ለእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ ከድሮ መጽሐፌ እየተማርኩ ነው የጻፍኩት። ለዚያ ነው የምዘገየው። አንድ ምዕራፍ ሳይገባኝ መላክ ፈራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፣ እትዬ፤ እርስዎን ለማስረዳት ስል ገባኝ። ግን እውነተኛ ዶክተር ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር አስቀድሞ ይጠይቅዎት ነበር፦ "ካርዶቹ ሁሉ እዚያ አሉ ወይ?" እኔ አልጠየቅሁም። መጽሐፌ ውስጥ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለዚሁ ይናገራል፤ "ይህማ ቀላል ነው" ብዬ ዘልዬዋለሁ።

የጠየቁኝን በእጄ ሠራሁት። በሥራ ዕረፍት ሰዓት፣ አንሶላ መጠቅለያው ወረቀት ላይ፣ ሦስት ጊዜ። የወጣልኝ አምስት ነጥብ ስምንት ስምንት ነው። ይህ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት ዕድል ከሚያመጣው ልዩነት ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው ሰንጠረዥ ሦስት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ በዕድል የሚመጣ ስለሌለ መጻፍ አላስፈለገውም። በዕድል ነው ልልዎት ፈልጌ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ጊዜ ስሠራው አለቀስኩ። በዕድል አይደለም።

ከዚህ ጋር ለኃላፊው የተጻፈ ሌላ ወረቀት አለ፤ አላሸግሁትም። ዶክተር አለመሆኔን፣ ወረቀቱ መሳሳቱን፣ ጥፋቱ ከእኔ ምክር መሆኑን ይላል። የሚሰጡትም የሚቀድዱትም እርስዎ ነዎት። ቤትዎን በእኔ እጅ አላፈርስም፤ ከዚህ በላይ ግን አልዋሽም።

የወንድምዎ ልጅ፣ አጣቢው

ግንቦት 9

ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሚያዝያ 7 ነው። በመጀመሪያ ተናደድኩብህ። ዛሬም አልበረደልኝም፤ እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው። አንተን ብዬ ነው ስምህን እንደ ማኅተም የመታሁት። ደግሞ መልሼ፣ ማኅተሙን የመታሁት እኔ አይደለሁም ወይ እላለሁ። ባለቤቴ ሁለቱንም ወረቀት አነበበና "እኔ ያልተማርኩት ሾፌር እንኳ ወደ ኋላ ሳላይ አልነዳም ነበር፤ እናንተ ሁለት ምሁራን!" አለ። ሳቅን። "ስጪው" አለኝ። "ቤቱስ?" አልኩት። "ወገቤን መሬትም ይችለዋል" አለኝ።

ሰጠሁት። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። "እንግዲያው ሁለተኛውን ቆጠራሽንስ ማን አየልሽ?" አለኝ። ማን ይየው? ያመነኝ ስሳሳት ነበር፤ ልክ ስሆን የሚያምነኝ አጣሁ። መምህሩ ደግሞ ስነግረው "ራስሽ ስለደረስሽበት" ብሎ ከስልሳው ሃያ ተወልኝ። ጠቅላላው ሠላሳ አምስት ሆነ፤ ወደቅሁ። ሥራውንም ቤቱንም በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ልቀቂ ተባልኩ።

የካርድ ክፍሉ ቁልፍ አሥራ ሁለት ቀን እጄ ላይ ነበር። ናሙናዬን ካላመናችሁኝ ናሙና ይቅር አልኩና ከጫማ ጨራሽ ጋር ሁሉንም ካርድ አንድ በአንድ ከፈትን። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። የተስተካከለላቸው አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ናቸው። ስሙንም አድራሻውንም ጽፈን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንለት። ዶክተር የለበትም፣ ዕድል የለበትም፤ ካርዱን ሄዶ ማየት ይችላል። ቀኑን ሙሉ አልጠራንም። በማግስቱ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልነበረም፤ ጫማ ጨራሽም ወደ መዞሯ ተመለሰች።

እኛ አሁን የባለቤቴ እህት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አራታችን ተጣበናል። ትንሿ ልጄ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ጀምራለች። እኔ ሥራ ስለሌለኝ ከጫማ ጨራሽ ጋር እዞራለሁ፤ እሷ ግፊት ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱ በደስታ ይከፍትልናል። አንዱ ሽማግሌ ሆስፒታሉ የሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ሳይከፍተው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሞ "ለክፉ ቀን" ብሎ አስቀምጦታል። ክፉ ቀንህ ይኸው ነው አባቴ፣ ዋጠው አልነው።

ለአባትህ አልነገርኩትም። እሱን የምትነግረው አንተ ነህ፤ ይህን ለእኔ አትተወው። መጽሐፉን ግን አትጣለው። ዳግም ፈተና መስከረም ላይ አለ ብለውኛል፤ ያስተማርከኝ ገብቶኝ ነበርና የዘለልከውን ሁለት ገጽ ገልብጠህ ላክልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ላልጽፈው ነበር። ካንኳኳናቸው ቤቶች አራቱ ላይ ጥቁር የለበሰ ሰው ነው የከፈተልን። አንዷ ልጅ የአባቷን የቀጠሮ ወረቀት ከበሩ ጀርባ ለጥፋዋለች። "ነርስ ትመጣለች፣ ጥር 25" ይላል፣ በጫማ ጨራሽ እጅ ጽሑፍ። "በዚያ ቀን ሸሚዝ ቀይሮ እስከ ማታ በር በሩን ሲያይ ዋለ" አለችን። ጫማ ጨራሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደብተሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መምህሩ ቁጥር ብቻውን አይጻፍም፣ ከስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ ይለናል። እኔ አራት ብዬ ጻፍኩ። ከስንት እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ፤ እነሱን በምንም አላካፈልኳቸውም።

እትዬ